የፎርድ 8ኤን ትራክተር ካርቡሬተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቨርጂኒያ ገጠር ትንሽ መሬት ስንገዛ፣ መጋዘኑ ውስጥ የቆመ የ1949 ፎርድ 8ኤን አብሮ መጣ። ሻጩ «ካርቡሬተሩ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ችግሩ ካርቡሬተሩ አልነበረም። ይህን ለማወቅ ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ትራክተር የገዙ ወዳጆች ሲደውሉ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

8ኤን ምንድነው? እኔ የማውቀው ማሲ ፈርጉሰንን ነው።

ዘመዳሞች ናቸው። ሃሪ ፈርጉሰን የሚባል አየርላንዳዊ ማረሻን ከትራክተር ኋላ በሦስት ነጥብ አንጠልጥሎ በሃይድሮሊክ የሚያነሳ ዘዴ ሠራ። በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር ተጨባበጡና በቃ፣ ስምምነታቸው ያ ነበር። በ1939 9ኤን ወጣ፣ በጦርነቱ ጊዜ 2ኤን ተከተለ። በ1947 ፎርድ ያለ ፈርጉሰን 8ኤንን ማምረት ጀመረ። ፈርጉሰን ከሰሰ፤ ነገሩ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። በዓመቱ የፈርጉሰን ድርጅት ከካናዳው ማሲ ሃሪስ ጋር ተዋሃደ። አርሲና ባሌ ስንዴ መሬት ላይ ያየነው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ለእኛ ዋናው ልዩነት ነዳጁ ነው። አገር ቤት የለመድናቸው ትራክተሮች ባብዛኛው ናፍጣ ናቸው፤ ካርቡሬተር የላቸውም። 8ኤን ቤንዚን ነው። 4 ሲሊንደር፣ 2 ሊትር ገደማ ሞተር። የቤንዚን ፖምፓ የለውም። ታንኩ ከላይ ነው፣ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ካርቡሬተሩ ደግሞ ከታች ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ያስተነፍሳል። ይህን አቀማመጥ ያዙት፣ ግማሹን መልስ ይዟል።

ችግሩ ካርቡሬተሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። ካርቡሬተር የሚታይና በመፍቻ የሚነካ ነገር ስለሆነ ሁሉም ሰው ወደሱ ይሮጣል። እሳቱ፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ ብልጭታ፣ ግን አይታይም።

መጀመሪያ ቾኩን፣ ማለትም አየሩን አጥብቦ ቤንዚኑን የሚያበዛውን መሳቢያ፣ ጠይቁት። ሞተሩ እየሠራ ቾኩን በትንሹ ሳቡ። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ከባሰበት ወይ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይ ነገሩ ከእሳት በኩል ነው።

አጠፋፉንም ልብ በሉ። እያነከሰና እየተንተፋተፈ ቀስ ብሎ ከሞተ ቤንዚን ነው። ሰፈር ውስጥ መብራት ሲሄድ እንደሚሆነው ድርግም ካለ እሳት ነው። ይህ ምልክት እኔን ብዙም አሳስቶኝ አያውቅም።

ከዚያ እሳቱን በዓይናችሁ እዩ። የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀሉና ጫፉን ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙት። በባዶ እጅ አይደለም፣ በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ። አጠገቡ የፈሰሰ ቤንዚን እንዳይኖር። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ይምታ። ሰማያዊና ወፍራም ብልጭታ መዝለል አለበት። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ካርቡሬተሩን አትንኩት። እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ክፈቱ። ውስጡ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉ። ዲስትሪቢዩተሩ ከፊት ከሆነ ክፍተታቸው 0.015 ኢንች ነው። ከ1950 አጋማሽ ወዲህ ወደ ጎን በተዛወረው ላይ ደግሞ 0.025 ኢንች። የኔው ላይ ነጥቦቹ ተቃጥለው እንደ ከሰል ጠቁረው ነበር። ሻጩ በካርቡሬተሩ የማለው በነሱ ምክንያት ነው።

ቤንዚኑ በደንብ እየደረሰው መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ከካርቡሬተሩ ሆድ ሥር አንድ የማፍሰሻ ብሎን አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከሥሩ ጣሳ አድርጋችሁ ፍቱት። መጀመሪያ የሚወርደው ሆዱ ውስጥ የነበረው ስለሆነ አያታልላችሁ። ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሳይቋረጥ እየወረደ በ2 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያህል መሙላት አለበት። ወርዶ ወርዶ ወደ ጠብታ ከተለወጠ መንገዱ ላይ የተዘጋ ነገር አለ።

የታንኩን ክዳን ላላ አድርጉና ድገሙት። አሁን ከፈሰሰ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም።

ቀጥሎ ወንፊቶቹ። ሦስት ናቸው። አንዱ ታንኩ ውስጥ በቧንቧው አፍ ላይ ቆሟል። ሁለተኛው ቆሻሻ ከሚጠራቀምበት ብርጭቆ በላይ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሦስተኛውን ግን እኔ አላወቅኩም ነበር። እሳቱን አስተካክዬም ትራክተሩ ዳገት ላይ ይሞትብኝ ነበር። ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሦስት ጊዜም ዳገቱ ላይ ቆመ። በመጨረሻ የቤንዚን ቱቦው ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባበትን የነሐስ ክርን ስነቅል፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ወንፊት ከጀርባው ተጣብቃ ወጣች። እንደ ቡና አተላ ያለ ዝገት ሸፍኗታል። ወደ ፀሐይ አንስቼ ባያት ብርሃን የምታሳልፈው በአንዲት ጥግ ብቻ ነው። ዳር ዳሩን በጥርስ ብሩሽ አጠብኳት። ትራክተሩ በዚያው ቀን ዳገቱን ወጣ።

የታንኩን ቫልቭ በተመለከተ፦ ሁለት ዙር ሲከፈት ከዋናው ይቀዳል፤ ጭራሹን ሲከፈት 4 ሊትር ገደማ የሆነውን መጠባበቂያ ይሰጣል። ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው የሚከፍት ሰው መጠባበቂያ የለውም፣ ከታንኩ ወለል ያለውንም ዝቃጭ ይጋብዛል።

ቱቦው መሐል ለመኪና የተሠራ የወረቀት ፊልትሮ አትግጠሙ። ያ ለፖምፓ ግፊት የተሠራ ነው፤ እዚህ የሚገፋው የቤንዚኑ ክብደት ብቻ ስለሆነ ያንቀዋል።

የራሴን ልጠግን ወይስ አዲስ ልግዛ?

8ኤን ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ማርቭል ሼብለር ቲኤስኤክስ-241 ነው። 9ኤን እና 2ኤን ላይ ቲኤስኤክስ-33። አካሉ ፍም የማይፈራ ወፍራም ብረት ነው፣ በቀላሉ አይሞትም። ካልተሰነጠቀና የጋዙ (የፍጥነት መቆጣጠሪያው) ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ ካልተንገዳገደ የራሳችሁን ጠግኑ። ርካሽ ቅጂዎች ገበያ ሞልተዋል፤ አንዳንዱ ከሳጥኑ ወጥቶ ይሠራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአሮጌው ብሶ ያስለቅሳል።

የመጠገኛ ኪት ስትገዙ ቁጥሩን አይታችሁ እዘዙ። ሙሉውን ኪት ምረጡ። ትንሹ ጋስኬትና መርፌ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ መሐል ላይ ዘንጉ አልቆ ስታገኙት ሥራው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

ስፈታው ምን ልጠንቀቅ?

ባትሪውን ንቀሉ። ቤንዚኑን ዝጉ። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ሲጋራም ሆነ ከሰል አጠገቡ አይድረስ። የቾኩንና የጋዙን ዘንግ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደነበረ ማታ ላይ አታስታውሱትም። ከማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ብረት) ጋር ያሰሩት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ከአንድ ቀን በፊት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጉባቸው። ከማኒፎልዱ ውስጥ መስበር የሁለት ቀን ሥራ መጨመር ነው።

አካሉ ላይና ታች ሁለት ግማሽ ነው፤ በአራት ብሎኖች ተያይዟል። ሲለያዩ ተንሳፋፊው ከላይኛው ጋር ተንጠልጥሎ ይወጣል። መሐላቸው ላይ ወገቧ የቀጠነ የብረት ቀለበት አለች፤ ዝም ብላ የተቀመጠች ናት፤ ስትወድቅ እንዳትጠፋባችሁ።

አሁን የሚያስለቅሰው ክፍል። ውስጥ ያሉት ቤንዚን የሚያሳልፉ ቀዳዳ ያላቸው ብሎኖች ነሐስ ናቸው። ነሐስ ለስላሳ ነው። ካቻቪቴው ቦዩን ግራና ቀኝ፣ ስፋትም ውፍረትም ካልሞላው አንድ ጊዜ ያንሸራትትና ጫፉን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ባለ ቶርኖ ብቻ ነው። እኔ አንድ አሮጌ ካቻቪቴ በሞላ ሞርጄ ልክ አድርጌዋለሁ፤ ለሌላ ሥራ አላነካውም። እምቢ ካለ አካሉን የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ብረቱ ሲሞቅ ይላላል። ከቤንዚን ጋር በቆየ ዕቃ ላይ እሳት አይሞከርም።

በምን ላጥበው?

የካርቡሬተር ማጠቢያ ፈሳሽ ይበቃል። መነጽር አድርጉ፤ አንዱ ቀዳዳ ላይ ስትረጩ በማታውቁት ሌላ ቀዳዳ ዓይናችሁ ላይ ይመጣል። እሱ ግን ጥሩ ምልክት ነው። በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል ሲወጣ ሳታዩ ወደሚቀጥለው አትለፉ። የደረቀ አሮጌ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ አንድ ሌሊት ተነክሮ ያድር።

የተደፈነች ቀዳዳ ካለች ከመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዛችሁ አሳልፉባት። መርፌ፣ የብረት ሽቦ፣ የመሰርሰሪያ ጫፍ አይሆንም። ቀዳዳዋ የተለካች ናት። በአንድ ፀጉር ከሰፋች ትራክተሩ ዕድሜ ልኩን ጥቁር ጭስ ይተፋል።

ተንሳፋፊው በስንት ይለካል?

ከጣሪያ ላይ የሮቶ ውሃ ሲሞላ የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ታውቁታላችሁ። ሥራው ያው ነው። ቤንዚን ሲሞላ ይነሳል፣ መርፌዋን ወደ ላይ ይገፋል፣ መግቢያው ይዘጋል።

ላይኛውን ግማሽ ከነ ጋስኬቱ ገልብጡት። ተንሳፋፊው በራሱ ክብደት መርፌዋ ላይ ይረፍ። ከጋስኬቱ እስከ ተንሳፋፊው ቅርብ ፊት ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊሜትር ከምናምን መሆን አለበት። በሁለቱም ጎን እኩል። ለመለካት የሩብ ኢንች መሰርሰሪያ ጫፍ አስገቡ፤ ነክቶ ካለፈ ልክ ነው። ካልሆነ መርፌዋን የምትነካውን ትንሽ ምላስ በቀስታ አጥፉ። ተንሳፋፊውን ራሱን መርፌዋ ላይ እየተጫናችሁ አታጥፉት፣ የመርፌዋ ጫፍ ይጎዳል።

ለሙከራ መግቢያው ላይ ንጹህ ቱቦ አድርጋችሁ ንፉ። ተገልብጦ እያለ ማለፍ የለበትም። ሲቃና ማለፍ አለበት። ተንሳፋፊውንም ጆሯችሁ ሥር ነቅንቁት። ውስጡ ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል። በስታኞ የሚደፍኑ አሉ። ውስጡ የቀረ ቤንዚን ላይ እሳት ማስጠጋት ስለሆነ እኔ አዲስ ገዝቼ እተኛለሁ።

ከሥሩ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ተበላሸ?

መቼ ነው የሚያንጠባጥበው? ቾኩን አብዝታችሁ ስባችሁ ካላስነሳችሁት፣ ወደ ላይ የተሳበው ቤንዚን ተመልሶ በአየር መግቢያው በኩል መውረዱ ያለ ነው። ጥቂት ጠብቁ፣ ያቆማል።

ቆሞ እያለ፣ ማንም ሳይነካው የሚፈስ ከሆነ ግን መርፌዋ አልዘጋችም። አንዳንዴ ቅንጣት ዝገት ብቻ ነው የሚይዛት፤ በካቻቪቴ እጀታ የሆዱን ጎን ቀስ ብላችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ካልቆመ ይፈታ። ያኔም ቢሆን ትራክተሩ ሲቆም የታንኩን ቫልቭ የመዝጋት ልማድ ይኑራችሁ።

ሞተሩ ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ለምን?

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ቤንዚን ማነስ፣ የሰረቀ አየር፣ ወይም ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ገቨርነር።

ወደ ካርቡሬተሩ የሚመጣውን የገቨርነር ዘንግ በእጃችሁ ጸጥ አድርጋችሁ ያዙት። ከፍ ዝቅ ማለቱ ከቆመ ከገቨርነሩ ወይም ከዘንጉ መላላት ነው። ካልቆመ በቾኩ ሞክሩ። በቾክ ከረጋ ቤንዚን አንሶታል ወይ አየር ይገባበታል።

አየሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው በጋዙ ዘንግ ዳር ነው፤ ሰባ ዓመት ሲሽከረከር ቀዳዳውን ሞላላ አድርጎታል። ሰው ሁሉ ስፕሬይ እየረጨ ይፈትሻል። 8ኤን ላይ የጭሱና የመሳቢያው ማኒፎልድ አንድ ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ ትኩስ ብረት ላይ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት አልወድም። እኔ ቀዝቃዛ እያለ የዘንጉን ሁለት ጫፍ ወፍራም ግሪስ እቀባና አስነሳዋለሁ። ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ከተረጋጋ አየር መግቢያውን አገኘሁት ማለት ነው። መድኃኒቱ አዲስ ዘንግና ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት (ቡሽ) ነው።

መርፌዎቹን ስንት ዙር ልክፈታቸው?

እነዚህ የተንሳፋፊው መርፌ አይደሉም፤ ከውጭ የሚዞሩት ሁለቱ ማስተካከያዎች ናቸው፦ ዋናውና የአይድሉ (ሞተሩ ያለ ጋዝ ቀስ ብሎ ሲሠራ የሚያገለግለው)። ሁለቱንም በጣት ብቻ እስኪቆሙ ዝጉ። በኃይል ካጠበቃችኋቸው ሾጣጣው ጫፍ ላይ ቀለበት ይወጣበታል፣ ከዚያ ወዲያ ልክ አይመጣም። ዋናውን 1 ዙር፣ የአይድሉን ከ1 እስከ 1 ተኩል ዙር ክፈቱ። ይህ መነሻ ነው።

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ጋዙን ከፍ አድርጉና ዋናውን ቀስ በቀስ ዝጉ። ማነከስ ሲጀምር ወደ ኋላ መልሱ፤ ሲስተካከል ትንሽ ጨምሩለት። ሥራ ላይ ሲገባ ያስፈልገዋል። ከዚያ ጋዙን አውርዱና የአይድሉን አስተካክሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአይድሉ መርፌ የሚቆጣጠረው ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው። ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሲከፈት ይቀንሳል። የዋናው ተቃራኒ። በመጨረሻ የጋዙን ማቆሚያ ብሎን በደቂቃ 400 ወይም 450 ዙር አካባቢ አድርጉት፤ ቆጣሪ ከሌላችሁ ጆሮ ይበቃል።

መርፌ እያዞራችሁ ምንም ለውጥ ካልሰማችሁ መርፌውን ተዉት። ያ መንገድ ውስጡ ተደፍኗል፤ ወደ ማጠቢያው ተመለሱ።

20 ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል።

እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ ሁለት ነገር እዩ፦ እሳቱንና የማፍሰሻውን ብሎን። ቡና አፍልታችሁ ከተመለሳችሁ ማስረጃው ጠፍቷል። እሳት ከሌለ ቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ለብልጭታው ከፍ የሚያደርገው) ሲሞቅ እየደከመ ነው፤ ከፊት ባለው ዲስትሪቢዩተር ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ቤንዚን ካልወረደ የክዳኑን መተንፈሻና ወንፊቶቹን።

ኢታኖል ያለው ቤንዚን ይጎዳዋል?

10 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) ያለበትን እኔ ሁሌም እቀዳለታለሁ። ለዕለት ሥራ ምንም አላለውም። ችግሩ ሲቆም ነው፦ ውሃ ይስባል፣ ከታንኩ ግድግዳም አሮጌ ቆሻሻ እየፈታ ወደ ወንፊቶቹ ይልካል። የድሮ ጎማ ቱቦ ካለ ቀይሩት።

ክረምቱን እንዴት ላቁመው?

የታንኩን ቫልቭ ዝጉና ሞተሩ ቤንዚን ጨርሶ እስኪጠፋ ይሥራ። ከዚያ የማፍሰሻውን ብሎን ፍቱና የቀረውን አውጡ። የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም፣ በጸደይ ካርቡሬተር የሚያስፈታው ግን እሱ ነው።

ባትሪውን ከ6 ወደ 12 ቮልት ብቀይረው ካርቡሬተሩ ይሻለዋል?

አይሻለውም። ሞተሪኖው ፈጥኖ ይዞራል፣ ያ ብቻ ነው። ብትቀይሩም ለቦቢናው የሚሆን የቮልት መቀነሻ አድርጉ። ደግሞ በመጀመሪያው አሠራር ከብረቱ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ መሆኑን ሳታረጋግጡ የባትሪ ገመድ አትንኩ።